ቀለብ ምንድን ነው? ልጅ 18 ሲሞላውስ ይቆማል?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ተንታኝ «ልጁ 18 ከሞላው አባት ነፃ ነው፤ ሕጉ ግልጽ ነው» ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል በጥብቅና ሥራዬ ከወላጆችም፣ ከሽማግሌዎችም እሰማዋለሁ። ስህተት ነው። መብቱ እያለ የለኝም ብሎ የሚተው ልጅ ስለሚያጋጥመኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሕጉስ በእርግጥ ግልጽ ነው፤ የሚለው ግን ሌላ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ ማለት ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ነው። ግዴታው የሚመነጨው ከወላጅና ልጅ ዝምድና ነው። ፍቺ አይፈጥረውም፣ አያጠፋውምም። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ልጁ ተቸግሯል? ሠርቶ ራሱን መቻል አቅቶታል? መጠኑ ደግሞ በልጁ ፍላጎትና በወላጅ አቅም ይወሰናል። «የደመወዝ ይህን ያህል ፐርሰንት» የሚል ነገር ሕጉ ውስጥ የለም።

እግሩ የተሰበረ ሰው አስቡ። ሐኪሙ ጀሶ ያደርግለትና «ከ6 ሳምንት በኋላ ና» ይለዋል። ቀኑ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ አይፈታም፤ ራጅ ያያል። አጥንቱ ካልገጠመ ጀሶው ይቆያል። 18 ዓመትም ቀጠሮ ነው። በ19 ዓመቷ ደህና ደመወዝ የምታገኝ ልጅ አጥንቷ ገጥሟል፤ ጀሶ አያስፈልጋትም። ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያለችው እኩያዋ ግን አልገጠመላትም። ፍርድ ቤት ቀለብ ወስኖበት እያለ «18 ሞልቷታል» ብሎ በራሱ ጊዜ የሚያቋርጥ አባት ጀሶውን እቤት በቢላዋ እየቀደደ ነው። ሁኔታው ተቀይሯል የሚል ሰው ማመልከቻ ያስገባ፣ ፍርድ ቤቱ ራጁን ይይ።

ታዲያ 18 ምን ይለውጣል? ልጁ አካለ መጠን ያደርሳል፣ ሞግዚትነት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ እናት በልጇ ስም መጠየቅ አትችልም፤ ልጁ ራሱ ከሳሽ ይሆናል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። እናት በድሮው መንገድ ትጠይቃለች፣ አባት ይቃወማል፣ ጥያቄዋ ይወድቃል። ሰፈር ውስጥ «ቀለብ ቀረ» ተብሎ ይወራል። የቀረው የእናትየው ጠያቂነት ነው። የልጁ መብት አለ፤ ችግሩንና ሠርቶ ማደር አለመቻሉን ግን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ጤነኛ ሆኖ የማይማር፣ የማይሠራም ወጣት ይከብደዋል።

ተማሪዋ ከዩኒቨርሲቲዋ የተማሪነት ማረጋገጫ ትይዛለች። «መንግሥት ያበላታል» የሚል አባት አይጠፋም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና ዶርም ወጪ መጋራት ነው፤ ተመርቃ የምትከፍለው ዕዳ ፈርማለች። ከአዲስ አበባ ጅማ የአውቶቡስ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የልብስና የሳሙና የሚሰጣት ግን የለም። ክሱ ላይ እነዚህ አንድ በአንድ ከነዋጋቸው ይዘርዘሩ። «ለትምህርት ወጪ» ብሎ ማለፍ ዳኛውንም አይረዳም። የግል ኮሌጅ ከሆነ የወላጅ አቅም ይመዘናል፤ የማይችለውን ክፈል አይባልም። እናትም ገቢ ካላት ግዴታው እሷንም ይመለከታል።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልላችሁን አንብቡ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከዘመድ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትወስኑ፤ በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ በመደበኛው 18 ላይ ያቆማል፣ ሃይስኩል ላልጨረሰ እስከ 19 ይሄዳል። ኒው ዮርክ እስከ 21 ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ፍርድ ቤት የተፋቱ ወላጆችን ለኮሌጅ እንዲያዋጡ ሊያዝ ይችላል። ልጃችሁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በምትኖሩበት ስቴት የሚሠራ የቤተሰብ ጠበቃ አማክሩ።