ባህር ዳር ላይ የታደሰ ሞተር መግጠምና ማሟሸት

ሞተር ማሟሸት ማለት ጀነራል የተሰራ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የታደሰ ሞተር መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ አዲሶቹ ዕቃዎች እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ የሚነዳበት ጊዜ ነው። ከምጣድ ማሟሸት ብዙም አይለይም፣ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ እንደሚቀረው ያልተሟሸ ሞተርም ዘይቱን ይበላል። ልዩነቱ ምጣዱን ደግመህ ታሟሸዋለህ፣ ሞተሩን ግን ደግመህ ታወርደዋለህ።

የሚኒባሶቹን የቶዮታ ሞተር 5ኤል እንውሰድ፣ 4 ሲሊንደር፣ 2,986 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ሞተሩ ይወርዳል፣ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሬቲፊካ ቤት፣ ማለትም ሲሊንደር የሚሞረድበት ቤት ሄዶ ሲሊንደሩ ይሰፋል፣ መካኒኩ "50 ገብቷል" ካለህ ፒስተኑ ከፋብሪካው ልክ 0.50 ሚሊሜትር ሰፍቷል ማለቱ ነው። ብዙው ቃል ከጣሊያን የመጣ ነው፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ምናምን። ሬቲፊካ መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ኤክስ የመሰለ ቀጭን ጭረት ያወጣል፣ ዘይት የሚይዘው ፋሻውንም የሚሞርደው እሱ ነው፣ ከመገጠሙ በፊት ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት፣ በናፍጣ ብቻ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መግጠም የመሞረጃውን ድንጋይ ዱቄት እዛው ይተወዋል። ነጭ ጨርቅ አስገብተህ ጥረገው፣ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነው።

ቴስታታው ከመሃል ወደ ዳር፣ በቶርክ (በተለካ ጥብቀት)፣ በደረጃ ነው የሚታሰረው፣ በጉልበት አይደለም። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ወዲያው አይነሳም፣ የፖምፓው ናፍጣ መዝጊያ ገመድ ይነቀልና ሞተሪኖው እያረፈ እያረፈ ይመታል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት እስክትጠፋ። ያቺ መብራት ሳትጠፋ ማስነሳት ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን መቀመጫ) ደረቅ ማስኬድ ነው።

ውሃው ላይ ባህር ዳር የራሱ ጣጣ አለው። ከተማው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ክፍት ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ እና ራዲያተሩን ከፍቶ አየር የሚያስወጣ ሰው ሲንተከተክ ያይና "ቴስታታው አልያዘም" ብሎ ይደነግጣል። መጀመሪያ አየሩ ይውጣ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ ከዛ ነው የሚፈረደው።

አሁን ዋናው ስህተት። ብዙ ሰው አዲስ ሞተር እንደ አራስ ነው የሚይዘው፣ ቀስ እያለ፣ በ30 እየተጎተተ ከባጃጅ ኋላ ኋላ። የወንድሜን መኪና የሰራው ጋራዥ ደግሞ ጭራሽ "ይለማመድ" ብሎ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆሞ) ሙሉ ቀን ግቢ ውስጥ አስጮኸው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሰማያዊ ጭስ። ፋሻ ግድግዳው ላይ በደንብ የሚጫነው ከላይ የሚመጣው የቃጠሎ ግፊት ከኋላው ገብቶ ሲገፋው ነው፣ ጭነት ከሌለ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ጭረቱ ሳይሰራ ይሞላና ግድግዳው መስታወት ይሆናል። ሚኒሞ ላይ ማቆየት ማለማመድ ሳይሆን ማበላሸት ነው በቃ።

ችግሩ ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ለብስክሌት የታደለች ለፋሻ ግን አትመችም። ስለዚህ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ከታየና ከተጣራ በኋላ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሁለት ሦስቴ መውጣት፣ ከዛ በወረታ መንገድ ሃሙሲት ድረስ 30 ኪሎሜትር ገደማ ሄዶ መመለስ ጥሩ ነው፣ በ3ኛ ማርሽ ከ40 እስከ 65 አካባቢ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ረገጥ። አንድ ፍጥነት ላይ ብዙ አለመቆየት፣ ጣራ ላይ ኩንታል አለመደርደር፣ ጥግ ድረስም አለመርገጥ። ያው ከፍታው ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢወጣ አያስፈራም፣ ሰማያዊው ነው የሚያስፈራው።

የመጀመሪያው ዘይት ተራው ሚኒራል ይሁን፣ ሲንተቲክ አይደለም፣ 500 ኪሎሜትር ሳይሞላ ከነፊልትሮው ይቀየራል። የሚወርደው ዘይት ፀሐይ ላይ ቢብለጨለጭ ልክ ነው፣ በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካለበት ግን መኪናው ከዛው ይቁም። እስከ 1,500 ኪሎሜትር ድረስ የዘይት መለኪያው ጠዋት ጠዋት ይታያል፣ የሚጎድለው እየቀነሰ ከመጣ ፋሻው ይዟል።

የራስህን ብሎክ ካሳደስክ ሊብሬ ላይ ምንም አይነካም፣ ሳልባጅ (ያገለገለ) ሞተር ከቀየርክ ግን የሞተር ቁጥሩ ሌላ ነውና ሊብሬው ላይ ሳይቀየር ለመሸጥ እንዳትሞክር።