ቁም ጽሕፈት በቡና ከረጢት ላይ

ፒያሳ ቡና ተቆልቶ የሚሸጥበት ቤት ብትገቡ ከሽታው ቀጥሎ የሚቀበላችሁ የከረጢቱ ፊደል ነው። አንዳንዱ ከኮምፒውተር ፎንት ተነሥቶ የተለጠፈ ነው። አንዳንዱን ግን ሰው ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል፤ ዓይን የሚቀረውም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ቁም ጽሕፈት የሚባለው የእጅ ጽሕፈት ከብራና ይጀምራል። ቁም ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ ጫፉን ጠፍጠፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው የፊደሉ እግር ወፈር፣ አግድሙ ቀጠን የሚለው። ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ በገጹ አናት ላይ ሐረግ፣ ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ፣ ይሳላል። የዛሬ ዲዛይነር ይህን ይበደራል፤ የምርቱን ስም በቀይ፣ ዙሪያውን በሐረግ። ሐረጉስ አሁን በዛ! ማሩም፣ በርበሬውም፣ ሳሙናውም አንድ ዓይነት ሐረግ ከለበሰ ምኑ ከምን ይለያል?

የሚያምረው ፊደሉ ራሱ ሲሠራ ነው። "ቡና"ን እንውሰድ። "በ" ሁለት እግር አላት። ካዕቧ "ቡ" በቀኝ እግሯ ወገብ ላይ አጭር ቅጥል ትጨምራለች። ጥሩ እጅ ያቺን ቅጥል ሳብ አድርጎ እንደ ስኒ ጭስ ሊያወጣት ይችላል። ግን ወደ እግሯ ጫፍ ከወረደች አለቀ፤ ቃሉ "ቢና" ሆነ። የእኛ አናባቢ ያለው እዚያች ቅንጣት ላይ ነው፤ ጌጥ ሲበዛ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው ናት። እኔም አንዴ ከሱቅ ያነሣሁትን ጠርሙስ ስሙን ማንበብ አቅቶኝ ሻጯን ጠየቅሁ። "ኧረ እኛም በቀለሙ ነው የምናውቀው" አለችኝ።

ፊደልን እንደ ሥዕል ማየት እዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ሠዓሊዎች አንዱ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሸራውን በአማርኛ ፊደላት የሚሞላ ነው። በኮምፒውተር በኩል ደግሞ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በእጅ የተጻፈው ስም ፎቶ ተነሥቶ ወይም ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል፤ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት።

ሌላው ጽሑፍ፣ ክብደቱም አድራሻውም፣ በተራ ፎንት ቢሆን ይሻላል። የአገልግሎት ማብቂያ ቀንን በቁም ጽሕፈት ጽፎ ማን እንዲያነበው ነው?