አራት ኪሎ ብቻውን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ይችላል?

አራት ኪሎ የሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅን በአብላጫ ድምፅ ሊያወጣም ሊሽርም ስለሚችል፣ ሕገ መንግሥቱንም በዚያው መንገድ የሚያሻሽል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ግን ይህን አይፈቅድም። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶችና ነጻነቶች፣ እንዲሁም ስለ ማሻሻል የሚደነግጉት አንቀጽ 104 እና 105 ራሳቸው፣ የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁትና የተወካዮችም የፌዴሬሽንም ምክር ቤቶች በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ክልል እንኳ እምቢ ካለ ማሻሻያው ወደቀ ማለት ነው። አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ ምክር ቤቷ ከድምፅ ሰጪዎቹ አይቆጠርም። ለቀሩት ድንጋጌዎች የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሁለት ሦስተኛ ክልሎች ይሁንታ ይበቃል።