ላፕቶፑ ለምን ይጮኻል? የሚባለውና እውነታው

ኮዬ ፈጬም ሂዱ ቱሉ ዲምቱ፣ ላፕቶፕ ያልለመደውን ድምፅ ካሰማ የጎረቤት ምርመራ ያው ነው፦ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አስደርገው!» ቆይ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ጩኸቱ ከቆመ ከስፒከሩ ነበር የሚመጣው። ካልቆመ ግን ከውስጥ ካለ ዕቃ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ፎርማት መድኃኒት አይሆንም።

«ብቻውን የሚያወራው ቫይረስ ስለገባበት ነው።» አልፎ አልፎ ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተረሳ የብሮውዘር ታብ ማስታወቂያ እያጫወተ ነው። ክሮም ድምፅ በሚያወጣው ታብ ላይ ትንሽ የስፒከር ምልክት ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የየፕሮግራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያሳየውን ቮልዩም ሚክሰር ስትከፍቱ ጯኺው ፕሮግራም ይታወቃል። ማንም ሳይነካው የዕቃ መሰካትና መንቀል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ የማውሱን ገመድ ነካ ነካ አድርጉት፤ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

«ስፒከሩ እምምም ካለ ተቃጥሏል።» ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። ድምፁ ከጠፋ ስፒከሩ ደህና ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግራውንድ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን ቻርጀር በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ስንሰካ ግራውንዱ ይቀራል።

«ፋኑ ከጮኸ ላፕቶፑ አበቃለት።» ኧረ አላበቃለትም! አስፋልት ባልደረሰበት፣ ግንባታ በማያባራበት ሰፈር አቧራው የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፋኑም የበለጠ መልፋት አለበት። ብርድ ልብስ ላይ ስታስቀምጡት ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ አቧራውንም አስጠርጉ። ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስነፋት ግን ይቅርባችሁ። ከጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ውሃና ዘይት አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ግፊቱም ፋኑን ከልክ በላይ አሽከርክሮ ያበላሸዋል። ባለሙያው እንኳን ሲነፋ ፋኑ እንዳይዞር ይዞ ነው።

«ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ የፍንዳታ ምልክት ነው።» አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን የሽቦ ጥቅልሎች ድምፅ ነው። ያሰለቻል እንጂ አይጎዳም።

እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «አርጅቶ ነው፣ ይለምዳል» የሚሉት ነገር እዚህ ጋ ዋጋ ያስከፍላል። ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ እንዲህ ካለ የዲስኩ አንባቢ ክፍል እየከዳ ሊሆን ይችላል። ፎቶውንም ሰነዱንም ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ከዚያ ላፕቶፑን አጥፉት። ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር የሚባለውን ዘዴ እርሱት፣ እርጥበቱ የቀረውን ይጨርሰዋል። ላፕቶፑ ኤስኤስዲ (በሚሽከረከር ዲስክ ፋንታ በቺፕ የሚሠራ ማስቀመጫ) ብቻ ካለው ግን ማስቀመጫው ውስጥ የሚንቀሳቀስ አካል የለም። ቀጭታውን ፋኑ ጋ ፈልጉት፤ ገመድ ወይም ቁራጭ ነገር ነክቶት ይሆናል።