እርሾ የሚፈልገው «ናይትሮጅን» የትኛው ነው?

እህቴ ባሕር ዳር ጠጅ ጥላ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የተበላሸ እንቁላል ሸተታት። ከዘጌ የመጣውን ጌሾ ጠረጠረች። ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል ስላት «አየሩ ሁሉ ናይትሮጅን አይደል እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ የአየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። እርሾ ግን በዚያኛው ምንም አያደርግም። እሱ የሚበላው ፈሳሹ ውስጥ በአሞኒየም (ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር ተጣምሮ) ወይም በአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) መልክ የሟሟውን ነው፣ ምክንያቱም ለመራባት ፕሮቲን መሥራት አለበት፣ ስኳር ብቻውን ደግሞ ፕሮቲን አይሆንም።

ጠላ ላይ ብዙም አያሳስብም፣ ብቅሉ አሚኖ አሲድ አለው። ማር ግን ስኳሩ የትየለሌ፣ ናይትሮጅኑ ኢምንት ነው። ይባስ ብሎ ማር ውስጥ በብዛት ያለው አሚኖ አሲድ ፕሮሊን ነው፣ ፕሮሊንን ደግሞ እርሾ ኦክስጅን ከሌለ አይጠቀምበትም! ስለዚህ «ጠቅላላ ናይትሮጅን» ሲባል እርሾው የሚበላውም የማይበላውም ተደምሮ ነው። ወይን ጠማቂዎች ለእርሾ የሚሆነው ብቻ በሊትር 150 ሚሊግራም ገደማ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ብርዝ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው።

ሲጎድል እርሾው አይበዛም፣ መፍላቱ ይጓተታል፣ ጣፋጩ ሳያልቅ ቀጥ ሊል ይችላል። ያ ሽታም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ከናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ አሚኖ አሲድ መሆን የነበረበት ሰልፈር ጋዝ ሆኖ ሲወጣ ማለት ነው። የእርሾ ምግብ የምትጨምሩ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ አልኮሉ ከበዛ በኋላ እርሾው አሚኖ አሲድ ማስገባት ይከብደዋል።