ዲስትሮየር የሚያጠፋው ምንድን ነው?

«ዲስትሮየር» የሚባል የጦር መርከብ አለ፤ ቃሉ አጥፊ ማለት ነው። ግን የምን አጥፊ? ብዙ ሰው ያገኘውን ሁሉ የሚደመስስ ግዙፍ መርከብ ይመስለዋል። ስሙ ግን ተቆርጦ የቀረ ነው። ሙሉው «የቶርፔዶ ጀልባ አጥፊ» ነበር። ቶርፔዶ በውኃ ውስጥ ራሱ እየተጓዘ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ትንንሽና ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ማስጨነቅ ጀመሩ። በርካሽ የተሠራች ጀልባ በጨለማ ተጠግታ አንድ ቶርፔዶ ከለቀቀች፣ ያ ሁሉ ብረት ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ጀልባዎቹን አሳድደው የሚይዙ መርከቦች አዘዘች። ከእነዚህ መርከቦች አንዷ «ሃቮክ» በ1893 ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 55 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቷ 26 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር።

እህቷ «ሆርኔት» የምትለየው በቦይለሯ፣ ማለትም ውኃ አፍልቶ ለሞተሩ እንፋሎት በሚሰጠው ክፍል ነው። በሃቮክ፣ ልክ እንደ ባቡር፣ የእሳቱ ትኩስ ጋዝ በቱቦ ሆኖ በውኃው መሃል ያልፋል። በሆርኔት ግን ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃው ነው፤ እሳቱ ከውጭ ይከበዋል። ሆርኔት በለጠች፤ 27 ኖት አለፈች። ለእኔ ከመድፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሃቮክ አፍንጫዋ ላይ ሳይቀር የቶርፔዶ መተኮሻ ነበራት። ችግሩ፣ በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ የራሷን ቶርፔዶ ደርሳ ልትገጨው ትችላለች። ያ መተኮሻ በኋላ ተነሣ፤ ሌሎቹ ግን ቆዩ። አጥፊዋ ራሷ ቶርፔዶ ስለታጠቀች የጀልባዎቹን ሥራ ጠቅልላ ወሰደች፤ «የቶርፔዶ ጀልባ» የሚለውም ከስሟ ወደቀ።