የላመ ምግብ እና ድግስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስትሮክ የመታቸው፣ ፓርኪንሰን ያለባቸው ወይም የጉሮሮ ካንሰር የታከሙ ብዙ ሰዎች መዋጥ ይቸግራቸዋል። ሐኪሙ «ምግቡን አልማችሁ ስጧቸው» ይላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ይለመዳል። ጣጣው የሚመጣው ማኅበር ሲደርስ፣ ክርስትና ሲጠራ፣ ፋሲካ ሲገባ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ አንኮበርም ሆነ ሸዋሮቢት ያልበላ እንግዳ ደጋሹን ያሳቅቃል። ስለዚህ አባባ ወይ በግድ ይጎርሳሉ፣ ወይ እቤት ይቀራሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም።

«ለእሳቸውማ አጥሚት ይበቃቸዋል»

ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ እየበላ እሳቸው ለምን አጥሚት? የዶሮው ሥጋ ከአጥንቱ ተላቆ ከራሱ ቁሌት ጋር ከተፈጨ ሽታውም ጣዕሙም ያው ዶሮ ወጥ ነው። የእንቁላሉ አስኳል ብቻውን ይፈረፈራልና ከመረቁ ጋር አብሮ ይፈጭ። የበግ ቅቅል ከሆነ ድንቹ ራሱ ያወፍረዋል። ብቻ እባካችሁ፣ ሁሉንም ወጥ አንድ ላይ ፈጭታችሁ ቀለሙ የማይታወቅ ነገር አታቅርቡ። ቀዩ ለብቻ፣ አልጫው ለብቻ። በርበሬም ቢሆን አፋቸው ካልቆሰለ፣ ጨጓራቸው ካልተቆጣ፣ ሐኪምም ካልከለከለ ዝም ብሎ አይቀነስባቸውም።

«ለስላሳ ከሆነ ችግር የለውም»

ሰው የሚጎዳው ይሄኛው ነው። የገብስ አገር ሰዎች ነንና መጀመሪያ የሚታሰበን ገንፎ ነው። ጥርስ አይፈልግም፣ እውነት ነው። ግን ይለጠፋል። ምላሱ የደከመ ሰው ላንቃው ላይ የተጣበቀ ገንፎ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ የቀረው ደግሞ ጉሮሮው ላይ ይከማቻል። ፍትፍትም እንደዚያው ነው፤ የራሰ እንጀራ አፍ ውስጥ ይድቦለቦላል። ክክ ወይም የሥጋ ቁራጭ የሚዋኝበት ሾርባ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይሮጣል፣ ቁራጩ ገና መታኘክ ይፈልጋል።

ውሃ፣ ሻይና ጠላስ? ቀጭን ስለሆኑ ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ወደ አየር ቧንቧ ይገባሉ። ለአንዳንዱ ታማሚ መጠጡም እንዲወፍር ይታዘዛል፤ ያን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ጠበልም ያው ቀጭን ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ልትወስዷቸው ካሰባችሁ፣ ስለ አወሳሰዱ ሐኪሙንም ካህኑንም ቀድማችሁ አማክሩ።

ለመዋጥ ችግር ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 የሚደለድል ኢድሲ የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ውሃ 0 ነው፣ የላመ ምግብ 4። አንዱ መፈተሻው ማንኪያ ነው። አንድ ማንኪያ አንሱ፤ ምግቡ ቅርጹን ይዞ መቆም አለበት። ዘንበል፣ ነቅነቅ ስታደርጉት ባንዴ ይወርዳል። ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ገንፎ ሆኗል። ጓልም ፍሬም አይኑረው። ውሃው ለብቻው ካቀረረ እንደገና ይመታ።

ይሄን ፈተና ድግሱ ቦታ ላይ ድገሙት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቤት ስትወጡ ልክ የነበረው ሽሮ በዚያ ብርድ ረግቶ ይጠብቃችኋል። ትኩስ መረቅ በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱና አላሉት።

«ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነው»

ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ማን ይክዳል። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ተብሎ የተጠቀለለ እንጀራ አፍ ላይ ሲደቀን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ በተለይ ሕመማቸውን ሰው እንዲያውቅባቸው ለማይፈልጉ ሽማግሌ። ስለዚህ እምቢታውን ከእሳቸው አትጠብቁ። ለደጋሿ ቀደም ብላችሁ በስልክ ንገሯት። ከጎናቸውም አንድ የቤት ሰው ይቀመጥና ለአጉራሿ «እትዬ፣ እንጀራ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ከዚህ በሻይ ማንኪያ ያጉርሷቸው» ይበል። ጉርሻው አልቀረም። የመጀመሪያው ተውጦ አፋቸው ባዶ መሆኑ ሳይታይ ግን ሁለተኛው አይከተል፤ «አንድ ያጣላል» እዚህ አይሠራም።

«ካላሳሉ ደህና ውጠዋል»

አይደለም። ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ ምንም የማያስላቸው ሰዎች አሉ። ከበሉ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ ሆኖ ጉርርር ካለ፣ ዓይናቸው ካነባ፣ ትኩሳት ወይም የሳንባ ምች ከተመላለሰባቸው ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። አፋቸውን ማጽዳትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቆሻሻ ምራቅም ወደ ሳንባ ሲገባ ምች ያመጣል።

«ጓዳ ለብቻቸው ቢበሉ ይሻላቸዋል»

እሳቸው ከፈለጉ እሺ። ጠይቋቸው እንጂ አትወስኑላቸው። መሶቡ ዙሪያ ከሆኑ መደብ ላይ ጋደም አይበሉ፤ ጀርባቸው ተደግፎ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ይቆዩ። አፋቸው ውስጥ ምግብ እያለ ጥያቄ አትጠይቋቸው፣ አታስቋቸውም። ጨዋታ አዋቂ ዘመድ ካላችሁ እሱን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

«ውሃ ጨምሮ መፍጨት ነው»

ውሃ ሳህኑን ይሞላል እንጂ ሰው አይመግብም። የላመ ምግብ የሚበላ ሰው ቶሎ ይጠግባል፣ ይከሳል። በመረቅ፣ በወተት፣ በቅቤ አላሉት። በጾም ዘይት፣ የለውዝ ቅቤ፣ አቮካዶ አለ። ለታመመ ሰው ጾሙ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ የነፍስ አባታቸው ይነግሯቸዋል። ብሌንደር ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ በደንብ የበሰለውን ሙቀጫ ውስጥ ወቅጦ በወንፊት ማሳለፍ ይቻላል። እጅ ያደክማል፣ ግን ይሠራል።

«አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው»

እንደ በሽታው ነው። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው፣ ፓርኪንሰን ግን እየከበደ ይሄዳል። ወደ ጠንከር ያለ ምግብ መመለስ የሚቻለው አዋጣጣቸው በባለሙያ ከታየ በኋላ ነው። «ዛሬማ ተሽሏቸዋል» ብላችሁ ጥብሱን ድግስ ላይ አትሞክሩባቸው።